በር የሌለው ድንኳን

ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ የከተማችን ሜዳዎችና የኮንዶሚኒየም ግቢዎች ድንኳን ማብቀል ይጀምራሉ። ኒካሕ ያሰረው ወሊማ ያበላል፤ ልጅ የተወለደለት ዐቂቃ ያርዳል፤ ልጁ ቁርአን ያኸተመለት ዘመድ ወዳጁን ይጠራል። በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ደግሞ እነርሱ ዘንድ በጋ በሆነበት በሐምሌና በነሐሴ ለእረፍት ይመጡና እዚህ የሚጠብቃቸው የክረምት ዝናብ መሆኑን ረስተው «ግብዣው ደጅ ላይ ይሁን» ይላሉ። ድንኳኑ ጣራ ላይ ያቆረውን ውሃ በመጥረጊያ እንጨት እየገፋን ሰርግ የበላንበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ስለ ድንኳን ኪራይ፣ ስለ ወንበር ቁጥርና ስለ ምግብ ዓይነት የሚመክር ሰው ሞልቷል። እኔ ዛሬ ላነሳው የምፈልገው ከዚያ የሚቀድም ጥያቄ ነው። ሰው ቤቱን ትቶ ሜዳ ላይ ማዕድ ሲዘረጋ የሚጋብዘው ማንን ነው? ካርድ የላከለትን ብቻ ነውን? ወይስ ማዕዱን የሚያይና ሽታው የሚደርሰው ሁሉ በዚያ ማዕድ ላይ አንዳች ድርሻ አለው? ጥያቄውን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። በገዛ እጄ ካጠፋሁት ጥፋት ነው የተማርኩት።

ባለፈው ጥር የታናሽ እህቴን ወሊማ የማሰናዳት ኃላፊነት በእኔ ላይ ወደቀ። አባታችን (አላህ ይርሐማቸው) ካለፉ ወዲህ የቤቱ ታላቅ ወንድ ልጅ እኔ ነኝ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የወጣሁ፣ በጋዜጣም ስለ ሌላው ሰው ስሕተት የምጽፍ ሰው ነኝና ዝግጅቱን በዘልማድ ሳይሆን በእቅድ እመራዋለሁ ብዬ ተነሳሁ። ደብተር ገዛሁ። ገጹን ለአራት ከፍዬ «ሰው፣ ምግብ፣ መጠጥ፣ ዕቃ» ብዬ ጻፍኩ። 200 ካርድ አሳተምን። ምግቡም ቀይ ወጥ፣ አልጫ፣ ዶሮ፣ ጥብስ፣ ሩዝ በሥጋ፣ መኮሮኒ፣ ሳምቡሳ፣ ሰላጣና ባቅላባ፣ በጠቅላላው 9 ዓይነት ሆነ።

እናቴ ማንበብ አትችልምና ደብተሩን ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ጨርሼ ስዘጋው ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና፣

«ሰማሁ ልጄ፤ ደጁስ?» አለችኝ።

«የቱ ደጅ እማዬ?»

«ድንኳኑ የሚተከልበት ደጅ ነዋ። እዚያ የሚኖረው ሰው።»

የሁለት ብሎክ ሕዝብ ሁሉ ሊጠራ እንደማይችል፣ ገንዘቡም እንደማይበቃ፣ ዘመኑ የሂሳብ ዘመን መሆኑን አስረዳኋት። እርሷም «እንግዲህ አንተ ታውቃለህ» አለች። የአገራችን እናቶች «አንተ ታውቃለህ» ሲሉ ምን ማለታቸው እንደሆነ አንባቢ አያጣውም።

ድንኳኑ በሁለቱ ብሎኮች መካከል ባለው ሜዳ ላይ ተተከለ። ገና ሳይነጋ ሰታቴው ተጣደ፤ የቁሌቱ ሽታ እስከ ላይኛው ፎቅ ወጣ። ረፋዱ ላይ ቀና ብዬ ሳይ በረንዳው ሁሉ ሰው ቆሞበታል። ልጆች በደረጃው ብረት መካከል አንገታቸውን አስግገው ይመለከታሉ። እኔ ግን በድንኳኑ አፍ ላይ ካርድ የሚቀበሉ ሁለት የአክስቴን ልጆች አቁሜ ነበርና «ሥርዓት ተጠብቋል» ብዬ ደስ አለኝ።

በዚያው ቀን ሌሎች ሰርጎች ስለ ነበሩ ከተጠሩት ውስጥ የመጡት 140 ያህል ናቸው። ማታ ሙሽሮቹን ሸኝተን ስንመለስ ሁላችንም ደክመን ነበር። አንድ ሰታቴ ሩዝ፣ አንድ ሰታቴ ወጥና አንድ ትልቅ ድስት አልጫ እንደተከደኑ በድንኳኑ ውስጥ አደሩ። «ነገ ጠዋት እናከፋፍለዋለን» ብዬ ነበር። ለሱብሒ ስነሳ እናቴ ቀድማኝ ድንኳኑ ውስጥ ቆማለች። ክዳኑን ከፍታ ታሸታለች። ወጡ ኮምጥጦ አረፋ አውጥቷል። ምንም አልተናገረችም።

እኔና ወንድሜ የተበላሸውን ምግብ በማዳበሪያ ከረጢት እየሞላን ስንሸከም የግቢው ዘበኛ መጥተው ከአንዱ ጫፍ ያዙልን። ዕድሜያቸው የገፋ ሰው ናቸው። ትናንት ከጠዋት ጀምረው የእንግዶቻችንን መኪና ሲያስገቡና ሲያስወጡ ውለዋል። «እንኳን ደስ አላችሁ፤ ያማረ ሰርግ ነበር» አሉኝ። ያስታወስኩት ያን ጊዜ ነው። ለእኒህ ሰው ከዚያ ሁሉ ማዕድ አንድ ጉርሻ፣ ከዚያ ሁሉ ሳጥን ለስላሳ አንድ ብርጭቆ አልደረሳቸውም። በደብተሬ ውስጥ አልነበሩምና ማንም አላስታወሳቸውም። ሳይቀምሱት የተበላሸውን ምግብ እስከ ቆሻሻ መጣያው ድረስ አብረውን ተሸከሙ።

ሂሳብ ማድረግ ንፉግነት ነውን?

ይህን የነገርኳቸው አንዳንድ ወዳጆቼ «ጥፋትህ እቅድ ማውጣትህ ነው፤ አባቶቻችን ሰው አይቆጥሩም ነበር» አሉኝ። ነገሩን ባሰላሰልኩት መጠን ግን ይህ ሙሉ እውነት ሆኖ አላገኘሁትም። በድሮው ሰፈር ቆጠራ አልነበረም ማለት ስሕተት ነው። ቆጣሪዎቹ ብዙ ነበሩ እንጂ። ድንኳኑና ድስቱ የእድር ነው። እንጀራውን የሚጋግሩት ጎረቤቶች ናቸው። እነዚያ ሴቶች በየትኛው ቤት በሽተኛ እንደ ተኛ፣ የትኛዋ አራስ እንደሆነች፣ ማን ከሰው መቀላቀል እንደሚያፍር በቃላቸው ያውቃሉ፤ ድስቱ ከእሳት ሳይወርድ ሳህን ይላካል። ዛሬ ብዙ ሰፈር ፈርሶ ነዋሪው በየኮንዶሚኒየሙ ተበትኗል። ያ ሁሉ ዕውቀት በአንድ ሰው ራስና በአንድ ደብተር ላይ ወደቀ። ደብተሩ የማያውቀው ሰው ከማዕዱ ይቀራል።

ደግሞም ሳይቆጥሩ መደገስ ሁልጊዜ ቸርነት አይደለም። ለአንድ ቀን ድንኳን ሲሉ ተበድረው ለዓመታት ዕዳ የሚገፉ ቤተሰቦች በየሰፈሩ አሉ። ሃይማኖታችን ይህን አላዘዘም። ዐብዱረሕማን ኢብን ዐውፍ (ረ.ዐ) ባገቡ ጊዜ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) የመከሯቸው በአንድ በግም ቢሆን ወሊማ እንዲያበሉ ነው። እርሳቸው ራሳቸው በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ ከኸይበር ሲመለሱ ለሰፊያ (ረ.ዐ) ያበሉት ወሊማ በመንገድ ላይ፣ በገላጣ ሜዳ የተደረገ ነበር። ዳቦም ሥጋም አልነበረበትም። ቁርበት ተነጠፈ፤ ያለው ያለውን እንዲያመጣ ተነገረ፤ አንዱ ቴምር፣ ሌላው ቅቤ፣ ሌላው የደረቀ እርጎ አመጣ። በዚያ ሜዳ የተበላው ወሊማ ይህ ነው። በሐዲስ መጻሕፍት ሲተላለፍ ይኖራል እንጂ «አነሰ» ያለው የለም።

የጃቢር ድስት

በዚህ ጉዳይ ላይ ከሁሉ ይበልጥ ያሳሰበኝ በ5ኛው ዓመተ ሂጅራ በኸንደቅ ቁፋሮ ጊዜ የሆነው ነው። ጃቢር ኢብን ዐብዱላህ (ረ.ዐ) የነብዩን (ሰ.ዐ.ወ) ርሃብ አይቶ ወደ ቤቱ ሮጠ። ቤቱ ውስጥ ያለው አንድ ቁና የማይሞላ ገብስና አንዲት ትንሽ ፍየል ናት። ፍየሏን አረደ፤ ባለቤቱ ገብሱን ፈጨች። ሊጠራ ሲወጣም በሰዎች ፊት እንዳያሳፍራት አደራ አለችው። ቆጥራ ነበርና ለስንት ሰው እንደሚበቃ ታውቃለች። ጃቢርም ነብዩን ቀርቦ በጆሯቸው ከጥቂት ሰዎች ጋር እንዲመጡ ጠየቃቸው። እርሳቸው ግን የኸንደቁን ቆፋሪ ሁሉ በአንድ ድምፅ ጠሩት። አንድ ሺህ ያህል ሰው መጥቶ በልቶ ጠገበ፤ ድስቱም እንደ ነበረ ቀረ።

ይህ የነብይ ሙዕጂዛ ነው። እኔ የ200 ሰው ሩዝ ሠርቼ አንድ ሺህ ሰው በመጥራት በረካ ልጠብቅ አልችልም። ነገር ግን ከታሪኩ ለእኛ የሚቀር ትምህርት አለ። በመጀመሪያ፣ የጃቢር ባለቤት ስለ ቆጠረች አልተወቀሰችም፤ ጭንቀቷ የጋባዥ ክብር ነው። ሁለተኛ፣ ነገሩ ያለ ሥርዓት አልተደረገም። ድስቱ ከእሳት እንዳይወርድ፣ ሊጡም እርሳቸው ሳይደርሱ እንዳይጋገር ታዘዘ። አብራት የምትጋግር ሴት እንድትጠራም ተነገራት። ሦስተኛ፣ በዚያ ሜዳ የተራበውና ሲደክም የዋለው ሰው ሁሉ ጢሱን እያየ «አንተ አልተጠራህም» አልተባለም። በመጨረሻም የቤቲቱ እመቤት እንድትበላና ለሌሎችም እንድትልክ ታዘዘች፤ ሰዉ ርቦታልና።

እንግዲህ እቅድና ለጋስነት ጠላቶች አይደሉም። የእኔ ደብተር ጉድለት መቁጠሩ ሳይሆን ማንን እንደሚቆጥር አለማወቁ ነው።

የሚያይ ዓይን

በቤት ውስጥ የሚበላና ደጅ ላይ የሚበላ ማዕድ አንድ አይደሉም። ሰው በሩን ዘግቶ ከቤተሰቡና ከወዳጁ ጋር ቢበላ ማንም አይወቅሰውም። ሜዳ ላይ ሲደግስ ግን ሁለት ነገር ይለወጣል። አንደኛው፣ ማዕዱ የሚታይና የሚሸት ይሆናል። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለአቡ ዘር (ረ.ዐ) ወጥ ሲሠሩ መረቁን አብዝተው ጎረቤታቸውን እንዲያስቡ መክረዋቸዋል። ልብ እንበል፤ የተባለው ሥጋውን አብዛ አይደለም። ውሃ መጨመር ለማን ይከብዳል? የሚከብደው ጎረቤትን ማስታወሱ ነው።

ሁለተኛው ደግሞ እኔ ፈጽሞ ያላሰብኩት ነበር። ሜዳው የእኔ አልነበረም። ድንኳኔን የተከልኩት የሁለት ብሎክ ነዋሪ በጋራ በሚጠቀምበት መሬት ላይ ነው። ልጆቹ ከሚጫወቱበት ቦታ ለአንድ ቀን አፈናቀልኳቸው። መተላለፊያውን በመኪና ዘጋሁ፤ በድምፅ ማጉያው የታመመውን ሰላም ነሳሁ። ከእነዚያ ሰዎች ይህን ሁሉ ከተበደርኩ በኋላ በድንኳኑ አፍ ላይ ካርድ ጠያቂ አቆምኩባቸው። ከዚህ የባሰ ብድር መካድ ምን አለ? የወሊማ ምግብ ክፉው ሀብታም ተጠርቶበት ድሃ የተተወበት እንደሆነ በሐዲስ ተነግሮናል። እኔ ሐዲሱን አውቀዋለሁ፤ ጽፌበትም አውቃለሁ። ሆኖም «ድሃ» ሲባል ትዝ የሚለኝ በመስጊድ በር ላይ የተቀመጠው ነበር እንጂ በበረንዳዬ ፊት ለፊት የሚኖረው አልነበረም።

«ታዲያ የብሎኩን ሰው ሁሉ ላብላ?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ያየ ሁሉ እንደ ተጋባዥ ተቀምጦ ይጥገብ የሚል ግዴታ ያለ አይመስለኝም። ድርሻ ማለት ጥጋብ ማለት አይደለም። ለደረጃው ልጆች አንድ ትሪ ሳምቡሳ፣ ለአሮጊቶቹ አንድ ጀበና ቡና፣ ለበሽተኛው አንድ ሳህን ሩዝ ማን ያከስራል? ድንኳኑ ከመተከሉ በፊት በየበሩ ሄዶ «ነገ እናስቸግራችኋለን፤ አፉ በሉን» ማለትስ ስንት ብር ይፈጃል? የአንድ ሰው ምግብ ለሁለት እንደሚበቃ ተነግሮናል። የማይበቃው ልባችን ሲጠብ ነው።

ከሚያዩትም በፊት የሚሠሩት አሉ። ሰታቴ ሥር ጢስ ሲያለቅሳት ያደረችው ሴት፣ ሳህን አጣቢዋ፣ ድንኳን ተካዩ፣ ዘበኛው። አገልጋይ ምግብ ሲያቀርብ አብሮ ካልተቀመጠ እንኳ ጉርሻ ወይም ሁለት እንዲሰጠው ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲያዙ ምክንያቱን አብረው ተናግረዋል፤ የምግቡን ሙቀትና ድካም የተሸከመው እርሱ ነውና። እኛ ግን ለእነዚህ ሰዎች የምናስበው እንግዳው ከወጣ፣ ድስቱ ከተሟጠጠ በኋላ ነው።

ከደብተሩ ምን ይውጣ፣ ምን ይግባ?

ገንዘቡ ከየት ይመጣል ለሚል ሰው መልሱ በራሱ በምግቡ ዝርዝር ውስጥ አለ። 9 ዓይነት ምግብ ለምን አዘዝኩ? እንግዳው ስለ ራበው አይደለም። ከዚያ በፊት በተጠራሁበት ሰርግ 8 ዓይነት ስላየሁ ነው። የዚህን ስሙን እናውቀዋለን፤ ሪያእ ይባላል። ሰው ከዘጠኙም እየቆነጠረ ሳህኑን ይሞላና ግማሹን ትቶት ይነሳል። ቁርአን በሱረቱል አዕራፍ ብሉ ጠጡ ካለ በኋላ አታባክኑ ይላል። መብላቱ የተፈቀደበትና ማባከኑ የተከለከለበት አንቀጽ አንድ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በ2022 በዓለም ላይ ለተጠቃሚ ከቀረበው ምግብ 19 በመቶው፣ ማለትም 1.05 ቢሊዮን ቶን ያህል ባክኗል፤ ከዚህም ውስጥ 60 በመቶው በየቤቱ የባከነ ነው። የእኔ ሁለት ሰታቴ ከዚህ ቁጥር ውስጥ አለችበት። ዘጠኙ ዓይነት አራት ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ብሎክ በደረሰው ነበር።

የተረፈውን በተመለከተም ያጠፋሁት ባለማወቅ ጭምር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የተሠራ ምግብ ደጅ ላይ ከ2 ሰዓት በላይ እንዳይቆይ፣ ትኩስ የሚቀርበው ከ60 ዲግሪ በላይ፣ የሚቀመጠው ደግሞ ከ5 ዲግሪ በታች እንዲሆን ይመክራል። ትልቅ ሰታቴ ተከድኖ ሲያድር ላዩ ቢቀዘቅዝም ሆዱ ለብዙ ሰዓት ለብ እንዳለ ይቆያል፤ ጀርም የሚራባውም በዚያ ለብታ ነው። በተለይ ሩዝ አንዴ ከተበላሸ እንደገና ማሞቅ ሁልጊዜ አያድነውም። ስለዚህ «ነገ ለድሃ እንሰጠዋለን» የሚል ቃል ብዙ ጊዜ ባዶ ቃል ነው። ይባስ ብሎ የሚያሳምም ምግብ ሰደቃ ብሎ መስጠት አለ። እኛ ብንሰጠው ዓይናችንን ጨፍነን ካልሆነ የማንቀበለውን ለሌላው እንዳንሰጥ ሱረቱል በቀራ ያስጠነቅቃል። የድሃው ድርሻ ከተረፈው ሳይሆን ከመጀመሪያው ጭልፋ መነሳት አለበት።

መጠጡም እንዲሁ ነው። በጥር ፀሐይ ለተቀመጠ ሰው ከሁሉ የሚቀድመው ንጹሕ ውሃ ሆኖ ሳለ እኔ የለስላሳውን ሳጥን ቆጥሬ ውሃውን በመጨረሻው መስመር ጻፍኩት፤ ገና በዙህር አለቀ። ስኳር ላለባቸው ሽማግሌዎች ያሰብኩት ነገር አልነበረም። እናቶቻችን የሚያሰናዱት ብርዝና አብሽም «ለሰርግ አይመጥንም» ተብሎ ቀርቷል። ሕዝብ የሚያጠጣ ሰው ራሱ የሚጠጣው በመጨረሻ እንደሆነ ሐዲስ ይነግረናል። ጋባዥ ነኝ የሚል ሁሉ ይህችን ብቻ ቢይዝ ዘበኛው ሳይጠጣ እርሱ አይጠጣም ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። ጎረቤቶቻችን ሁሉ ሙስሊሞች አይደሉም። በአገራችን ሙስሊሙ የክርስቲያኑን፣ ክርስቲያኑም የሙስሊሙን እርድ አለመብላቱ የቆየ ልማድ ነው። አባቶቻችን ይህን እንደ ግድግዳ አልቆጠሩትም። ለክርስቲያን ጎረቤታቸው በግ ገዝተው በራሱ እጅ እንዲያርድ፣ በራሱ ድስት እንዲሠራ ያደርጉ ነበር፤ እርሱም ሲደግስ ለእነርሱ እንዲሁ። በጾም ቀን ደግሞ ምስርና ሽሮ፣ ጎመንም አለ። በእኔ 9 ዓይነት ውስጥ ግን ከሰላጣውና ከባቅላባው በቀር እነዚያ ጎረቤቶቼ ሊቀምሱት የሚችሉት ምግብ አልነበረም።

ውድ አንባብያን፣ ይህን የጻፍኩት ሌላውን ለመውቀስ አይደለም። ኢንሻአላህ በመጪው በጋ የወንድሜ ወሊማ አለ። ድንኳኑም በዚያው ሜዳ ይተከላል። ካርድ ይታተማል፤ ሰውም ይቆጠራል። ዘበኛውን በዚያ ሰሞን አግኝቼ አፉ እንዲሉኝ ጠይቄያቸዋለሁ። «ምን አደረግከኝና ልጄ?» አሉኝ። ምን እንዳደረግኳቸው ለመናገር አፈርኩ።

ባለፈው ሳምንት አዲሱን ደብተር ለእናቴ አነበብኩላት። የመጀመሪያው መስመር «ዘበኛውና ምግብ ሠሪዎቹ፤ ከሁሉ በፊት ይበላሉ» ይላል። ሁለተኛው «የሁለቱ ብሎክ ልጆች»፣ ሦስተኛው «በሽተኞችና አራሶች፤ ሳህን የሚያደርሱ ሁለት ሰዎች» ይላል። ተጋባዦቹ የሚጀምሩት ከገጹ አጋማሽ ነው። ምግቡ አራት ዓይነት ነው። እናቴ እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝና፣

«ውሃውን ጨምርበት» አለች።

ወላሁ አዕለም።